ጀልባም አውሮፕላንም ባልሆነበት ግማሽ ደቂቃ
(በደቡብ ወሎ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ ቀሳውስትና ሼኾች፣ መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ እዚህ የቆምኩት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ባነሣው ጥያቄ ምክንያት ነው። ልጁ ከውሃ ላይ የሚነሣ አውሮፕላን በስልኩ አይቶ፣ «ይህ ነገር እኛ ሐይቅ ላይ ለምን አይመጣም? እንግዳው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ያርፍ ነበር» ሲል መምህሩን ጠየቀ። መምህሩም በዚህ ሥራ ዓመታት ማሳለፌን ስለሚያውቁ ጥያቄውን ወደ እኔ መሩት። ተወልጄ ያደግሁት ከዚሁ ሐይቅ ዳር ነው፤ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ሆኜ ከአገር ከወጣሁ በኋላም ከሐይቅ የሚነሡ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ስጠግን ኖሬአለሁ። ጥያቄው በጎ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ይቻላል ወይም አይቻልም ብዬ ከመመለሴ በፊት፣ ይህ አውሮፕላን ከውሃው ለመላቀቅ በሚንደረደርበት ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ተለዋዋጭ ነፋስ ምን እንደሚያደርገው ማስረዳት ይኖርብኛል፤ መልሱ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነውና።

ስለ መሣሪያው በአጭሩ ልናገር። የውሃ አውሮፕላን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሆዱ ራሱ እንደ ጀልባ የተሠራ ነው። ሁለተኛውና ዛሬ በብዛት የሚታየው ደግሞ በጎማ ፋንታ ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊዎች የተገጠሙለት ሲሆን፣ ባለሙያዎች እነዚህን ተንሳፋፊዎች ፍሎት ይሏቸዋል። በሞተር ኃይል ከውሃ ላይ ተነሥቶ ለመብረር የመጀመሪያው ሰው ፈረንሳዊው ኦንሪ ፋብር ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. መጋቢት 1910 ነበር። ዛሬ በካናዳ፣ በአላስካና በማልዲቭስ እንዲህ ያለው አውሮፕላን እንደ እኛ ሚኒባስ የዘወትር መጓጓዣ ነው። ከሚታወቁት መካከል እ.ኤ.አ. በ1947 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ቢቨርና በ1965 የተከተለው ትዊን ኦተር ይገኙበታል። ትዊን ኦተር በጎማው እያረፈ በእኛም አገር ለዓመታት አገልግሏል።

ፍሎት ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ ሳጥን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ውሃ በማያሳልፉ ግድግዳዎች የተከፋፈለ ነው። በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ፍሎቶቹ የአውሮፕላኑን ሙሉ ክብደት ተሸክመው በተጨማሪ የክብደቱን 80 በመቶ መሸከም መቻል አለባቸው። 2000 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን ቢያንስ 3600 ኪሎ የሚያንሳፍፍ ፍሎት ያስፈልገዋል ማለት ነው። የእኔ ቀን የሚጀምረው እነዚህ ፍሎቶች ላይ ተንበርክኬ ነበር። በእያንዳንዱ ክፍል አናት ላይ እንቁላል የምታህል የጎማ ኳስ ተወትፋለች። ኳሷን ነቅዬ የእጅ ፓምፑን ከቀዳዳው ላይ እደቅንና እስባለሁ፤ ውሃው ትፍ ትፍ እያለ ይወጣል፣ ከዚያ ፓምፑ ደረቅ አየር መሳብ ሲጀምር ድምፁ ይለወጣል፣ ክፍሉ ባዶ መሆኑን በጆሮዬ አውቃለሁ። ስንት ጊዜ እንደሳብኩም እቆጥር ነበር፤ ትናንት በአምስት ስበት የደረቀ ክፍል ዛሬ አርባ ከፈለገ፣ አንድ ቦታ መጋጠሚያው ተከፍቷል። ይህን በዝርዝር የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በጸጥታ ቀን ያልተቀዳ ሁለት ባልዲ ውሃ አውሮፕላኑን ጥቂት ያዘነብለው ይሆናል እንጂ ብዙም አይጎዳውም። ነፋሱ በሚለዋወጥበት ቀን ግን ያ ውሃ ያለበት ጎን አስቀድሞ የጠለቀ ጎን ነው፤ ነፋሱም የጀመረውን ለመጨረስ ይቀለዋል።

አሁን ወደ መነሣቱ እንምጣ። የውሃ አውሮፕላን ፍሬን የለውም። ሞተሩ ከተነሣ ጀምሮ ይሄዳል፤ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለም። በዝግታ ሲሄድ ሙሉ ክብደቱን የሚሸከመው ውሃው ስለሆነ በሁሉ ነገሩ ጀልባ ነው፤ የሚታጠፈውም ከፍሎቶቹ ጫፍ ወደ ውሃው በሚወርዱ ትንንሽ መሪዎች ነው። ለመነሣት ሲዘጋጅ አብራሪው እነዚህን መሪዎች ወደ ላይ ይሰበስብና ለሞተሩ ሙሉ ኃይል ይሰጣል። አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቀናል፣ ፍሎቶቹ ውሃውን እንደ ማረሻ እየገመሱ ይገፋሉ፣ አብራሪውም ለጥቂት ሰከንዶች ከፊቱ ያለውን አያይም። ከዚያ ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሎቶቹ ከውሃው ውስጥ ወጥተው በውሃው ገጽ ላይ መንሸራተት ይጀምራሉ። ልጆች ሆነን ጠፍጣፋ ድንጋይ በሐይቁ ላይ ወርውረን ስናስዘልል የነበረው ይኸው ነው። በፍሎቱ ሆድ መካከል ላይ ስቴፕ የሚባል እንደ ደረጃ የተቆረጠ ቦታ አለ፤ ከስቴፑ በስተኋላ ያለው ክፍል ከውሃው ተላቅቆ ሆዱን የሚጎትተውን ውሃ እንዲለቅ የሚያደርገው ያ ቁራጭ ነው።

ትኩረታችሁን የምለምነው እዚህ ላይ ነው። በስቴፑ ላይ በሚንሸራተትበት ጊዜ አውሮፕላኑ ውሃውን የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ ጀልባ ሳለ የነበረውን የተደላደለ መቀመጫ ትቷል። ክንፉ ገና ሙሉ ክብደቱን አልተሸከመም፤ የጭራው መሪና በክንፉ ጫፍ ያሉት ኤለሮን የሚባሉት ማዘንበያዎችም በቂ አየር ስላላገኙ እጅ ላይ ይለሰልሳሉ። ከዚህም በላይ የአውሮፕላኑ ክብደት ከፍሎቶቹ በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ረጅም በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ከመደብ ላይ ከተቀመጠው ይልቅ በቀላሉ እንደሚገፋ አስቡት። አውሮፕላኑ ጀልባም አውሮፕላንም ያልሆነበት ግማሽ ደቂቃ ያልኩት ይህን ነው።

ነፋስ ራሱ ጠላት አይደለም። ከፊት ለፊት የሚመጣ የተረጋጋ ነፋስ ለአብራሪው ስጦታ ነው፤ ክንፉ የሚፈልገውን አየር ከፊሉን ነፋሱ ስለሚሰጠው አውሮፕላኑ በውሃው ላይ በአነስተኛ ፍጥነትና በአጭር ርቀት ይነሣል። ፈጽሞ ነፋስ የሌለበት፣ ውሃው እንደ መስተዋት የተኛበት ጧት እንዲያውም ለመነሣት ይከብዳል፤ ውሃው ከፍሎቱ ሆድ ጋር ይጣበቃልና። አደጋው የሚመጣው ነፋሱ መጣሁ ብሎ ሲቀር፣ ቀረሁ ብሎ ሲመጣ ነው። ይህን አውድማ ላይ የዋለ ሰው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። አያቴ ጤፍ ተወቅቶ ሲያበቃ ላይዳውን ተደግፎ አንዳንዴ እስከ ቀትር ይቀመጥ ነበር። ነፋስ የለም እንዳልል ይነፍሳል፤ ለምን እንደማይጀምር ስጠይቀው «ልቡ አልረጋም» ይለኝ ነበር። ልቡ ያልረጋ ነፋስ ብድግ ሲል ፍሬውን ከገለባው ጋር ይወስዳል፣ ጸጥ ሲል ደግሞ ገለባውን በጸዳው ምርት ላይ ይመልሳል። አያቴ ነፋሱን ያነብ የነበረው ከእግሩ ሥር ባለው አቧራ ሳይሆን ከአውድማው ባሻገር፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ካለው ሣር ነበር፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ለተማሪዎች ጥቂት ሒሳብ ላስቀምጥ። ክንፍ የሚሰጠው የማንሣት ኃይል የሚያድገው በአየሩ ፍጥነት ስኩዌር፣ ማለትም ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። አንድ አውሮፕላን በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር በሆነ የአየር ፍጥነት ላይ ሳለ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚጨምር የነፋስ ምት ከፊት ቢመጣበት ክንፉ የሚያየው 108 ነው፤ በ90 የነበረውን የማንሣት ኃይል 100 ብንለው ወደ 144 ይዘላል። ያው ምት አልፎ ነፋሱ በተመሳሳይ መጠን ከበፊቱ በታች ቢወርድ ክንፉ የሚያየው 72 ነው፤ የማንሣት ኃይሉም ወደ 64 ይወድቃል። አብራሪው እጁንም ሞተሩንም ሳይነካ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ ውስጥ፣ ከ144 ወደ 64 ማለት ነው። ገና መብረር የማይገባው አውሮፕላን በምቱ ተነሥቶ ከውሃው ይላቀቃል፤ ምቱ ሲያልፍ ደግሞ ተመልሶ ይወድቃል።

መውደቁ ብቻ ቢሆን ፍሎቶቹ ይችሉት ነበር። ችግሩ በአየር ላይ በቆየባቸው ሰከንዶች ነፋሱ ወደ ጎን ስለሚገፋው አፍንጫው ወደ አንድ አቅጣጫ እያየ ሰውነቱ ወደ ሌላ እየሄደ ውሃውን መንካቱ ነው። ጎማ በአስፋልት ላይ ጥቂት ወደ ጎን ቢንሸራተት ይጮኻል እንጂ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ውሃ ግን ከአየር 800 ጊዜ ያህል የከበደ ነው፤ በጎኑ የመጣበትን ፍሎት ይይዘዋል። ከታች እግሩ የተያዘ፣ ከላይ ክብደቱ የሚሄድ ነገር የት እንደሚደርስ መገመት አያቅትም።

ምቱ ከጎን ሲመጣ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ከግራ የመጣ ነፋስ የግራውን ክንፍ ከሥሩ ገብቶ ያነሣዋል፤ የቀኙ ፍሎት ወደ ውሃው ይጠልቃል፤ የጠለቀው ፍሎት ደግሞ ስለሚጎተት አውሮፕላኑን ወደ ራሱ ይጠመዝዘዋል። የቀኙ ክንፍ ጫፍ ውሃውን ከነካ በኋላ አብራሪው የሚያደርገው ነገር የለም። ለዚህ ነው አብራሪ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ በኤለሮን ወደ ታች ተጭኖ የሚይዘው፤ ከነፋሱ ራቅ ያለው ፍሎት በቅድሚያ እንዲነሣና አውሮፕላኑ በነፋሱ በኩል ባለው ፍሎት ላይ ብቻ ሆኖ እንዲላቀቅ። የጎን ግፊትም በስኩዌር ነው የሚያድገው፤ 20 የነበረው የነፋስ ፍጥነት 40 ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ቆርቆሮ ተሸክሞ በደሴ ዳገት ላይ ነፋስ ያገኘው ሰው ይህን ለማመን ቀመር አያስፈልገውም።

በፍጥነት መታጠፍም የዚሁ ዘመድ ነው። አብራሪው ከነፋሱ ጋር እየተንሸራተተ ሄዶ ወደ ነፋሱ ፊቱን ለመመለስ በስቴፕ ላይ እንዳለ ቢታጠፍ፣ መታጠፉ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይልና የነፋሱ ግፊት በአንድ ጎን ይደመራሉ። ከነፋስ ፊት ወደ ነፋስ ጀርባ ሲታጠፍ ግን ሁለቱ ይቃረናሉ። ጎበዝ አብራሪ የመጀመሪያውን መታጠፍ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ጀልባ ሆኖ ያደርገዋል።

ሁለት በሰነድ የታወቁ አደጋዎችን ልጥቀስ። የመጀመሪያው የደረሰው ኅዳር 20 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2009) በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በሳተርና ደሴት ላያል ወደብ ነው። አንድ ቢቨር ከአብራሪው ጋር ስምንት ሰዎች ይዞ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ምት በምት ሆኖ ሳለ ተነሣ። ከውሃው ተላቆ ገና ከፍታ ሳይይዝ በሚታጠፍበት ጊዜ፣ የተናወጠው አየርና የመታጠፉ ጫና ተደምረው ክንፉ የማንሣት ኃይሉን አጣ፤ ይህን ነው ስቶል የምንለው። ስቶል መቅረቡን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ አይሠራም ነበር፤ ከውሃው ጋር ሲጋጭም ከአራቱ በሮች ሁለቱ ተጣመው አልከፈት አሉ። ከስምንቱ ሁለቱ ብቻ ተረፉ። የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የደረሰበት ነገር ልብን የሚሰብር ነው፤ የሞቱት ስድስቱ፣ አንዲት ሕፃን ጭምር፣ ለሞት ያበቃቸው መስጠም ነው። ቦርዱ በሮች ከአደጋ በኋላ በፍጥነት እንዲከፈቱና ተሳፋሪዎች የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰው እንዲበሩ ሐሳብ አቀረበ። የጃኬቱ ጉዳይና የአብራሪዎች ከሰመጠ አውሮፕላን የመውጣት ሥልጠና ደንብ ሆነው የወጡት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። አሥር ዓመት ማለት ነው፤ እኔ ይህን ረጅም ጊዜ ብዬ ነው የምጠራው።

ሁለተኛው ቅርብ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ ገናን ስናከብር፣ ላሊበላም በነጭ ለባሾች ተሞልታ ሳለች፣ በምዕራብ አውስትራሊያ ከፐርዝ ከተማ ባሻገር ባለችው ሮትነስት ደሴት ቶምሰን ቤይ ላይ አንድ ባለ ፍሎት ሴስና ካራቫን ሰባት ሰዎች ይዞ ሊነሣ ተንደረደረ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ቀኑም ነፋሱ የበረታበት ነበር። አውሮፕላኑ በመነሣት ላይ ሳለ ከውሃው ጋር ተጋጭቶ ሰመጠ፤ አብራሪውና ሁለት ተሳፋሪዎች ሞቱ፣ አራቱ ተረፉ። በባሕሩ ዳር በበዓል ዕረፍት ላይ የነበሩ ብዙ ሰዎች በዓይናቸው እያዩ የሆነ ነው።

እኔም አንድ በዓይኔ ያየሁት አለ። ቦታውንና ድርጅቱን አልጠራም፤ በዚያ ቀን የነበሩት ሰዎች ሁሉ በሕይወት አሉና ዛሬም ያፍሩበታል። በሁለት ተራራዎች መካከል የተኛ ረጅም ሐይቅ ነበር። ነፋሱ ከጧት ጀምሮ ስለተለዋወጠ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ዘገየ፤ ሁለቱ ተሳፋሪዎች ከሌላ ከተማ የሚነሣ ትልቅ አውሮፕላን ሊያመልጣቸው ስለነበር በየአምስት ደቂቃው ሰዓታቸውን ያያሉ። የነፋስ አመልካቹ ከረጢት የተሰቀለው አውሮፕላኑ ከሚታሰርበት መትከያ ጀርባ ከጥድ ዛፎች አጠገብ ነበር። ከረጢቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ ሁላችንም አየነው፣ ሁላችንም ነፋሱ ረጋ አልን። ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ።

አውሮፕላኑ በስቴፕ ላይ ወጥቶ ከዛፎቹ ከለላ አልፎ የሸለቆው አፍ ፊት ለፊት ሲደርስ በውሃው ላይ ጥቁር ጥላ ሲሮጥ አየሁ። ደመና አልነበረም፤ የነፋሱ ምት ውሃውን እየሻከረው ሲመጣ ነው እንዲያ የሚመስለው። የግራው ክንፍ ብድግ አለ። የቀኙ ፍሎት አፍንጫ ከውሃው በታች ገባ፣ ነጭ ውሃ ተረጨ፣ ከዚያ የሞተሩ ድምፅ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ውሃው ሲረግብ የሚታየው ሁለት የተገለበጠ የፍሎት ሆድ ብቻ ነበር፤ እንደ ሞተ ዓሣ ነጭ ሆኖ። ጀልባ ይዘን አራት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ደረስን። አብራሪውና አንደኛው ተሳፋሪ ፍሎቱን ይዘው ነበር፤ ሁለተኛዋን ሴት አብራሪው ተመልሶ ገብቶ በልብሷ ጎትቶ አወጣት። በኋላ ስትነግረን፣ ተገልብጣ ስትንጠለጠል በቅድሚያ ያደረገችው ቀበቶዋን መፍታት ነበር። ቀበቶው ሲፈታ በራሷ ወደ ጣሪያው ወደቀች፣ በዚያች ቅጽበትም በሩ በቀኝ ይሁን በግራ፣ ላይ ይሁን ታች ጠፋት። በሩ ከክንዷ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር።

ስለዚህ ከውሃ አውሮፕላን ውስጥ መውጣት ትምህርት ነው። አፍንጫው በሞተሩ ከባድ ስለሆነ ሲገለበጥ በፊቱ ይሰምጣል፤ ተሳፋሪው ጨለማና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው የራሱን በር ወይም መስኮት በእጁ ነክቶ፣ መክፈቻው ወዴት እንደሚዞር ሞክሮ፣ ከጉልበቱ ስንት ስንዝር እንደሚርቅ ማወቅ ይገባዋል። ውሃው ሲገባ አንዱ እጅ መውጫውን ይይዛል፤ በሩ ይከፈታል፤ ቀበቶው የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው፣ መውጫውን የያዘው እጅም አይለቅም። የሕይወት አድን ጃኬትም የሚነፋው ከወጡ በኋላ ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን እኛ ኢትዮጵያውያን በከባድ ዋጋ ተምረነዋል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲያርፍ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ያደረጉት ተጋድሎ እስከ ዛሬ ይነሣል። የውሃ አውሮፕላን አልነበረም፤ ሲያርፍ እንጂ ሲነሣም አልነበረም። ነገር ግን በቅድሚያ ውሃውን የነካው የግራው ክንፍ በኩል ነበርና ውሃው ያንን ጎን ይዞ ግዙፉን አውሮፕላን ሰባበረው። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ ካቢኔው ውስጥ ሳሉ ጃኬታቸውን ነፍተው፣ ውሃው ሲሞላ ወደ ጣሪያው ተገፍተው መውጣት ያቃታቸው እንደነበሩ በሰፊው ተነግሯል።

አሁን ወደ ሐይቃችን ልመለስ። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት፣ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ በረጅሙ በኩል ከ6 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለ ርቀት ብቻ ብንናገር ለትንሽ የውሃ አውሮፕላን በቂ ነው። ያለነው ግን ከባሕር ወለል ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 1.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚህ ከፍታ ላይ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለማንሣት 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል፤ በባሕር ዳርቻ በ90 የሚነሣው እዚህ በ99 ገደማ ይነሣል ማለት ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር ደግሞ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የሚፈለገው ፍጥነት ጨምሮ ጉልበቱ ሲቀንስ የሚረዝመው ያ ጀልባም አውሮፕላንም ያልሆነበት ጊዜ ነው፤ ጊዜው በረዘመ መጠን የነፋስ ምት ሊያገኘው የሚችልበት ዕድልም ይጨምራል። ለካናዳ ወደብ የተጻፈ ልምድ እንዳለ ተነቅሎ እዚህ አይተከልም።

ሁለተኛው ነገር ዙሪያችን ያለው ኮረብታ ነው። ነፋስ ኮረብታ ሲሻገር ከኮረብታው ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል፣ ይሽከረከራልም፤ ውሃው ላይ ሲደርስ በየአቅጣጫው ይበተናል። የተነሣ አውሮፕላን ኮረብታውን ለመሻገር መውጣት ሲኖርበት፣ የሚወርደው አየር ወደ ታች ይጫነዋል። ዓሣ አስጋሪዎቻችን ይህን ያውቁታል፤ ጧት እንደ ዘይት የተኛው ውሃ ፀሐይ ተራራውን ካሞቀች በኋላ መናወጥ ሲጀምር ታንኳቸውን ወደ ዳር ይስባሉ። ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የማዕበሉ ጫፍ በየቦታው ነጭ አረፋ ያወጣል፤ ያንን ነጭ ያየ አብራሪ መሣሪያ ሳያይ የነፋሱን ብርታት ይገምታል። በአረፋው ላይ የሚዘረጉት ቀጫጭን መስመሮችም የነፋሱን አቅጣጫ ያሳያሉ። ነገር ግን ነጩ በአንድ በኩል ብቅ ብሎ በሌላ በኩል ከሌለ፣ ወይም በአምስት ደቂቃ ቦታ ከቀያየረ፣ አያቴ እንዳለው ልቡ አልረጋም።

እንግዲህ ለተማሪው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት የዚህ ሐይቅ ነፋስ መታወቅ አለበት፤ መታወቅ ያለበትም ከዳር ብቻ ሳይሆን ከመሐሉም ነው። እኔ ገመዱን የፈታሁበት ቀን የተሳሳትነው ነፋሱን ስላላየን አልነበረም፤ ዛፍ የከለለውን ነፋስ አይተን መሐሉ ላይ ያለው እንደዚያው ነው ስላልን ነው። ስለዚህ ከርእሰ መምህሩና ከገዳሙ አባቶች ጋር ተነጋግረን፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሦስት የነፋስ ከረጢቶች ለመስቀል ተስማምተናል፤ አንዱ ከገዳሙ በኩል፣ አንዱ ከከተማው ወገን፣ ሦስተኛው ከመሐል በታሰረ ተንሳፋፊ በርሜል ላይ። ተማሪዎች በተራ፣ ጧት 1 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሦስቱንም አቅጣጫ፣ ከረጢቱ ምን ያህል እንደተወጠረና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ወድቆ እንደተነሣ በደብተር ይጽፋሉ። ያ የመጨረሻው ቁጥር ነው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገኝ። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በጋውንም ክረምቱንም እንጽፋለን፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄውን እንደገና አንሥተን በራሳችን ደብተር እንመልሰዋለን።

ከረጢቶቹን እኔ ከሸራ ሰፍቻቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ምሰሶ የምናቆመው ቅዳሜ ጧት 1 ሰዓት ላይ በከተማው በኩል፣ ዛፍ ከሌለበት ዳርቻ ነው። አካፋና ገመድ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ዋና የማይችል ልጅ ግን ወደ በርሜሉ በሚሄደው ታንኳ ላይ አይወጣም።